ውሃ በሸረሪት ድር ክሮች ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ክብ ድር የሚያደሩ ሸረሪቶች ከተለያዩ የሆድ ዕጢዎች የተለያዩ ክሮች ያወጣሉ፤ ውሃ የሚያደርስባቸው ለውጥም እንደ ክሩ ዓይነት ይለያያል። በብዛት የተጠናው ሸረሪቷ ቁልቁል ስትወርድ የምትንጠለጠልበትና የድሩን ማዕቀፍ የምትሠራበት ጠንካራ ክር ነው። ተመራማሪው ሮበርት ወርክ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው፣ ይህ ክር ሳይወጠር በውሃ ሲርስ በእጅጉ ይኮማተራል። ርዝመቱ እስከ ግማሽ ድረስ ሊያጥር የሚችል ሲሆን፣ ይወፍራል፣ እንደ ላስቲክም ይለጠጣል፤ በደረቅነቱ 10 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ) ገደማ የነበረው ግትርነቱም ወደ ሺህ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይቀንሳል።

ምክንያቱ በፕሮቲኑ አወቃቀር ውስጥ ይገኛል። አላኒን የተባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) የሚበዛባቸው ክፍሎች ተጠጋግተው ውሃ የማያስገቡ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይሆናሉ፤ ግላይሲን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ የሚበዛባቸው ሰንሰለቶች ግን ክሩ ሲፈተል እንደተዘረጉ በሃይድሮጅን ትስስር (በሞለኪውሎች መካከል ባለ ደካማ መሳሳብ) ተይዘው ይቀራሉ። የውሃ ሞለኪውሎች ይህን ትስስር ሲያላሉት ሰንሰለቶቹ ወደ ተጠቀለለ ሁኔታ ይመለሳሉ፣ ክሩም ያጥራል። ክሪስታሎቹ ሳይፈርሱ ስለሚቆዩ ክሩ አይሟሟም። ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ በበዛ ቁጥር መኮማተሩ ይበረታል፤ የሐር ትል ክር በአንጻሩ በውሃ የሚያጥረው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ክሩ በሁለቱም ጫፎቹ ከታሰረ ማጠር ስለማይችል፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 70 በመቶ ገደማ ሲደርስ በውስጡ ውጥረት ይፈጠራል። ይህ ውጥረት ጤዛ የከበደውን ድር ከመርገብ ያድነዋል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ መላምቱ ማራኪ ቢሆንም፣ የክሩ ጠባይ ለዚህ ዓላማ የመጣ ነው ወይስ የፕሮቲኑ አወቃቀር ያስከተለው ብቻ የሚለው ክርክር አልተቋጨም። አንዴ ከተኮማተረ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሲደርቅ በጥቂቱ ያጥራል፣ ሲረጥብ ይረዝማል።

ነፍሳት የሚያዙበት ጠመዝማዛ ክር ግን ያለ ውሃ ሥራውን አይሠራም። በላዩ የተደረደሩት የሙጫ ጠብታዎች ከአየር እርጥበት የሚስቡ ንጥረ ነገሮችን ስለያዙ ክሩን ዘወትር እርጥብ ያደርጉታል። ተመራማሪዎቹ ፍሪትዝ ቮልራት እና ዶናልድ ኤድመንድስ በ1989 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ክሩን እንዲህ የሚያለሰልሰው ይህ ውሃ ነው፤ በዚህም ከመነሻ ርዝመቱ ሦስት እጥፍ ያህል ተለጥጦ የሚበር ነፍሳት ግጭት ሳይበጠስ ይቀበላል። ውሃውን ሲያጣ ግትር ይሆናል፣ የመለጠጥ አቅሙም ይወርዳል።

የጠንካራው ክር በውሃ የመኮማተር ጠባይ ለቤተ ሙከራ ሥራም ጠቅሟል። ከአንድ ሸረሪት የተገኙ ክሮች እንኳ እንደ አፈታተላቸው ስለሚለያዩ፣ ተመራማሪዎች አስቀድመው በውሃ ሙሉ በሙሉ አኮማትረው ከለኳቸው ውጤቶቹን በአንድ መነሻ ማነጻጸር ይችላሉ።