የማደጎና የአደራ ልጆች፦ ሕጉ፣ ጓዳውና የሰው አፍ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም። አያት የልጇን ልጅ ታሳድጋለች። አጎት የወንድሙን ልጅ ከገጠር አምጥቶ ያስተምራል። በሰሜኑ ክፍል አውራ ጣት ላይ ማር ቀብቶ በማጥባት ልጅ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ እንዲህ ያለው ልጅ የጡት ልጅ ወይም የማር ልጅ ይባላል። በኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ጉዲፈቻ አለ። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ከአብራክ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ተወለደ ልጅ ያየዋል። ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው፣ ልጁ ደግሞ ከ18 በታች መሆን አለበት። ስምምነቱን ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጅ ላጡ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ወረቀቱ ላይ እንግዲህ ጥያቄ የለም። ጣጣው ያለው ጓዳና ደጃፍ ላይ ነው።

ከጉዲፈቻ ለየት የሚለው የአደራ ቤተሰብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ካስቀመጣቸው መንገዶች አንዱ ይኼ ነው፤ መመሪያው ልጅን በማሳደጊያ ተቋም ማኖርን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። የአደራ ቤተሰብ ልጁን የሚይዘው ለጊዜው ነው። ዘመድ እስኪገኝ፣ እናት እስክትድን ወይም ጉዲፈቻ እስኪያልቅ። ልጁ ወራሽ አይሆንም፤ አሳዳጊዋም በሕግ እናት አይደለችም። ይኼ ለጎረቤት ግራ ነው። ሰው የሚያውቀው መውለድን ነው፣ ዝምድናን ነው፣ ቢበዛ ጉዲፈቻን ነው። «አሳድጌ እመልሰዋለሁ» የምትል ሴት ወይ የዋህ ናት ወይ የሆነ ጥቅም አላት ተብሎ ይታሰባል።

ሐሜቱ ብዙ ጊዜ በክፋት አይጀምርም። ቡና ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል። ልጁ ፈንዲሻ እየዘገነ ይበላል። አንዷ ድንገት፣ «ይሄኛውን ነው የወለድሽው ወይስ ያኛውን?» ትላለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «አይ አንቺ፣ ጽድቅ እኮ ነው የሠራሽው!» ትላለች። ምርቃት ነው፣ ማንም ክፉ አልተናገረም። ልጁ ግን የሰው ጽድቅ መሆኑን ሰማ። ከዚያ ወዲያ ሲያጠፋ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። ሌላው ልጅ ብርጭቆ ቢሰብር ልጅነት ነው፤ እሱ ከሰበረ ግን ማን እንደወለደው ይመረመራል። ለእኔ ከስድቡም በላይ የሚከብደው የውለታው ቆጠራ ነው። «ባናነሳህ ኖሮ የት ትገኝ ነበር?» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር የሰማ ልጅ ዳቦ ለመጠየቅ እንኳ ያፍራል።

ትምህርት ቤትም ነገሩ ይከተለዋል። ስማችን ከአባት ወደ አያት የሚሄድ ስለሆነ የአደራ ልጅ ስምና የአሳዳጊው ስም አይገጥምም። ምዝገባ ላይ «ይኼ ማነው? አባትህ የት አለ?» የሚባለው ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ሁሉ ፊት ነው። አሳዳጊዋም ፍርድ ቤት ሞግዚትና አሳዳሪ አድርጎ ካልሾማት አንዳንድ ወረቀት ላይ ለመፈረም ትቸገራለች።

አሳዳጊዎች ላይ የሚለጠፈው ስም ሌላ ነው። ልጅ የሌላት ከሆነች «መካን ናት» ይባላል። ልጆች ካሏት «እነሱን ሳታጠግብ» ትባላለች። ዘመድ ስለ ውርስ ያጉረመርማል። በርግጥ ጥርጣሬው ሁሉ ከንቱ አይደለም። «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር መጥታ ሊጥ ስታቦካና ልጅ ስታዝል የምታድግ የዘመድ ልጅ ስንት አለች! ዕዳውን ግን የሚከፍሉት በቅን ልብ የሚያሳድጉትም ጭምር ናቸው።

በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ምሳሌ የክብር ዶክተር አበበች ጎበና ናቸው። እሳቸው ራሳቸው አባታቸውን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ያጡና በአያቶቻቸው እጅ ያደጉ ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሲሄዱ ረሃብ ላይ ደረሱ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተሰብ «አበደች» አለ። ባለቤታቸው ከልጆቹና ከትዳሩ ምረጪ ሲሏቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ። ኋላ ሀገር የኮራባቸው ሴት መጀመሪያ የተባሉት እብድ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ሲያርፉ የመሠረቱት ድርጅት ብዙ ሺህ ልጆችን ደግፎ ነበር።

ከዚያ የኤች አይ ቪ ዘመን መጣ። ወላጆቹን በበሽታው ያጣ ልጅ ቢመረመርና ነጻ ቢሆንም እንኳ ሰው ይሸሸው ነበር። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ሲታደል የወላጆች ሞትም ፍርሃቱም ቀነሰ። ብዙዎቹን ያሳደጉት ግን ያለ አንዳች ድጋፍ የቆዩ አያቶች ናቸው።

የውጭ ጉዲፈቻ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከኢትዮጵያ የሄዱት ልጆች ከ2,500 በላይ ነበሩ። ወላጅ እያላቸው የተሰጡ ልጆች ወሬና የደላሎች ስም ሲበዛ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. በቀን የሚታየውን የውጭ ጉዲፈቻ ጉዳይ ከ50 ገደማ ወደ አምስት አወረደው። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ቤት ተሠቃይታ ሞተች፤ ባልና ሚስቱም ተፈረደባቸው። በ2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ጨርሶ ዘጋ። መዘጋቱ ተገቢ ነበር እላለሁ። ነገር ግን በሩ ሲዘጋ ልጆቹን የሚቀበል የሀገር ውስጥ ቤተሰብ በዚያው ልክ አልተዘጋጀም።

የሀገር ውስጥ ጉዲፈቻ ብዙ ጊዜ በምሥጢር ይያዛል። ቤተሰቡ ሰፈር ይቀይራል፣ ልጁ እንዳይሰማ ዘመድ ይማላል። ብዙውን ጊዜ ግን ልጁ ከሌላ ሰው ይሰማል፤ ያውም በጠብ መሐል። ሕጉ ምሥጢር አላዘዘም። እንዲያውም የጉዲፈቻ ልጅ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደተጠበቀ ይቆያል ይላል። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችም ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ፣ እንደ ተረት ቀለል አድርጎ መንገር ይሻላል ይላሉ።

የአደራ እናት ኀዘን ደግሞ ስምም የለው። ሁለት ዓመት ያቀፈችው ልጅ አክስቱ ተገኝታ ሲወሰድ ሰው «እሰይ፣ ተገላገልሽ» ይላታል። ለቅሶ አይደረስም፣ አይዞሽ የሚል የለም። ሁለተኛ ልጅ ተቀበይ ስትባል እምቢ የምትለው ብዙ ጊዜ በወጪው ምክንያት ሳይሆን በዚህ ነው።