የጀልባ መዋኛ መድረክና ማስፋፊያው፦ ከሐይቅ ዳር ሲታይ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከአጠገቧ ካለው ውኃ ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። መሃል ላይ ከጀልባ የወደቀ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት የለውም፤ መመለሻው የጀልባው ጎን ብቻ ነው። የጀልባ ጎን ደግሞ ከውኃ ውስጥ ሆነው ቀና ብለው ሲያዩት ከላይ ሆነው ካዩት እጥፍ ይረዝማል፤ ልብስ ሲርስና ክንድ ሲዝል ደግሞ ግድግዳ ይሆናል። የመዋኛ መድረክ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

መድረኩ ከሞተር ጀልባ የኋላ ግድግዳ ተነሥቶ፣ ከውኃው ወለል አንድ ስንዝር ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ጠፍጣፋ ወለል ነው። ዋናተኛ ይወርድበታል፣ ይወጣበታል፤ ጠላቂ ዕቃውን ይታጠቅበታል። ጀልባዎች ጀርባቸውን ለወደቡ ሰጥተው በሚቆሙበት በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ መግቢያ በር ማለት ነው። በትልልቆቹ የመዝናኛ ጀልባዎች ላይ ትንሿ የመመላለሻ ጀልባ ወይም የውኃ ሞተር ሳይክል ይጫንበታል። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅንጡ ጀልባ ባይኖርም፣ ከኋላ መድረክ መቀጠል የሚያመጣው መዘዝ በ20 ሜትሩም በ6 ሜትሩም ጀልባ ላይ ባሕርዩ አንድ ነው። እንዲያውም በትንሹ ጀልባ ላይ ይብሳል።

በዚህ ሐይቅ ላይ ጀልባ ከመዝናኛነት በፊት መሻገሪያ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሠረቱት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመበት ስፍራ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ባሕር ገብ መሬት ሆነ እንጂ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ወደ እርሱ መድረሻው ታንኳ ነበር። ታንኳ የኋላ መድረክ አይሻም። ጎኑ ራሱ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልምና። የሞተር ጀልባ ግን በፍጥነት ስለሚሄድ ማዕበል እንዳይገባበት ጎኑ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። በዚህም ሰውና ውኃ ተራራቁ። መድረኩ የተራራቁትን መልሶ የሚያገናኝ ደረጃ ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከጀልባው አካል ጋር በአንድ ቅርጽ ማውጫ የሚወጣ ሲሆን ሁለተኛው በኋላ መጥቶ በብሎን የሚታሰር ነው። ማስፋፋት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ነባሩን ነቅሎ ረዘም ያለ ማሰር ወይም በነባሩ ጫፍ ላይ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር መቀጠል ነው። ሦስተኛ መንገድም አለ፦ የጀልባውን ሆድ ራሱን ወደ ኋላ ማርዘም። ይህኛው ውድ ነው፤ ግን የተጨመረው አካል ውኃ ውስጥ ስለሚገባ የራሱን ክብደት ራሱ ያንሳፍፋል። በብሎን የታሰረ መድረክ አየር ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከምለት ጀልባው ነው። ገንዘብ የማይገድበው ሰው ቢጠይቀኝ ያለማመንታት ሆዱን አርዝም እለዋለሁ።

ባቲ የሰኞ ገበያ ውሎ አህያ ጭኖ አቀበት የወጣ ሰው የዚህን ነገር ምሥጢር ያለ መምህር ያውቀዋል። ጭነቱ ያው ጭነት ነው፤ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ግን የአህያዋ የፊት እግሮች ይቀልላሉ፣ ጉዞው ይበላሻል። በመድረክ ላይ የተቀመጠ ዕቃም የሚታሰበው በኪሎው ብቻ ሳይሆን ከጀልባው መወዛወዣ ነጥብ፣ ማለትም ጀልባው እንደ ሚዛን ከፊትና ከኋላ ከፍ ዝቅ ከሚልበት ቦታ፣ ባለው ርቀት ጭምር ነው። 12 ሜትር የሚረዝም ጀልባ እንውሰድ፤ መወዛወዣ ነጥቡ ከኋላ ግድግዳው 5 ሜትር ወደፊት ነው እንበል። 400 ኪሎ የሚመዝን የውኃ ሞተር ሳይክል ከግድግዳው 1 ሜትር አልፎ ቢጫን፣ ከነጥቡ 6 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ይህን ሚዛን ለመመለስ ሰማንያ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ከነጥቡ 6 ሜትር ወደፊት ሄደው፣ የጀልባው የፊት ጫፍ አንድ ሜትር ሲቀር መቀመጥ አለባቸው። ጉዞው እስኪያልቅ እዚያው ሊቀመጡ!

ስለዚህ መድረኩ ሲረዝም ጀልባው ከኋላ ይቀመጣል፣ ከፊት ይነሣል። ነጂው ፊቱን ለማየት ይንጠራራል። ጀልባው ውኃውን መሰንጠቁን ትቶ በውኃው ገጽ ላይ ለመንሸራተት የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል፤ ነዳጅ ይበላል። በኋላ ግድግዳ ላይ ያሉ ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ከውኃው በላይ ሆነው የተሠሩ ቢሆንም ከክብደቱ በኋላ ውኃው ውስጥ ይገቡና ማፍሰሻ መሆናቸው ቀርቶ ማስገቢያ ይሆናሉ። ሚዛን የሚጠብቁት የግርጌ ክንፎችም ከአዲሱ መድረክ ሥር ስለሚደበቁ አንዳንዴ ቦታቸውን መለወጥ ግድ ይሆናል።

የሐይቅ ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። አየሩ ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል የሚለው የባለሙያዎች ግምት ሲሰላ፣ እዚህ አንድ አምስተኛው ይጠፋል፤ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር የሚሠራው በ32 ነው። በዚያ ላይ ጣፋጭ (ጨው አልባ) ውኃ ከባሕር ውኃ 2.5 በመቶ ገደማ ስለሚቀልል ጀልባው በባሕር ላይ ከሚንሳፈፈው ትንሽ ጠለቅ ይላል። ስለዚህ የባሕር ዳር አገር የጀልባ መጽሔት ላይ ያማረ መድረክ አይቶ ልኩን እዚህ ማስቀጥቀጥ ስሕተት ነው። መሠራቱ ካልቀረ ማጠር፣ መቅለል፣ ምናልባትም የሞተሩን ማሽከርከሪያ፣ ማለትም ውኃውን የሚገፋውን ባለ ስለት ክፍል፣ በአንድ ዙር ጀልባውን አጠር ላለ ርቀት በሚገፋ መለወጥ ያስፈልጋል።

ሌላው ራስ ምታት ብሎኑ ነው። አንድ ሜትር በወጣ መድረክ ጫፍ ላይ አራት ሰው ቢቆም 320 ኪሎ ነው። የላይኛውና የታችኛው ማሰሪያ በ40 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ የላይኞቹን ብሎኖች ከግድግዳው ነቅሎ ለማውጣት የሚስበው ኃይል 800 ኪሎ ያህል ይሆናል። አራት ሰው ጫፍ ላይ ምን ያደርጋል? ፎቶግራፍ ይነሣል። ሰው ሁሉ ውኃውን ከኋላው አድርጎ መነሣት ይወዳል፤ ከሞገዱ ይልቅ መድረክን የሚፈትነው ይኸው ነው።

ከዓመታት በፊት በሐይቁ ዳር ያየሁት አንድ የፋይበር ግላስ ጀልባ ትዝ ይለኛል። ባለቤቱ በብየዳ ቤት ከቱቦላሬ መድረክ አስበይዶ፣ ላዩን ላሜራ አልብሶ፣ በአራት ብሎንና በአራት ትንንሽ ሮንዴላ አስሮታል። ሥራው ለዓይን ያምር ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከብሎኖቹ ሥር ሻይ የመሰለ ውኃ መንጠብ ጀመረ። ሲፈታ በሁለቱ የፋይበር ልብሶች መካከል የነበረው ኮምፔንሳቶ እንደ ጠላ አተላ በጣት እየተዛቀ ወጣ። ውኃው የገባው በብሎኖቹ ቀዳዳ ነው።

መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፤ እንጨቱ ዙሪያውን ይፋቅና ኢፖክሲ በሚባለው ደርቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ ይሞላል። ኢፖክሲው ከደረቀ በኋላ መሃሉ ላይ በብሎኑ ልክ እንደገና ይበሳል። እንዲህ ከሆነ ብሎኑ የሚያልፈው በእንጨት ውስጥ ሳይሆን በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ያህል ነው። ከውስጥ በኩል በሮንዴላ ፈንታ ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት ይደረጋል፣ ኃይሉ እንዲበተን። ብሎኑ አይዝጌ፣ በተለይ 316 የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። መድረኩ አሉሚኒየም ከሆነ ሁለቱ ብረቶች ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላልና በመካከላቸው ፕላስቲክ ይገባል። ስለ መበላት ከተነሣ፣ ሌላውን ብረት ለማዳን ራሱን እንዲያስበላ የሚታሰረው ቁራጭ በባሕር ላይ ዚንክ ሲሆን በጣፋጭ ውኃ ግን ማግኒዥየም ነው። ከውጭ ከነዚንኩ የመጣ ጀልባ ሐይቅ ላይ ሲወርድ ይህ መለወጥ አለበት።

ያ ላሜራ ሌላም ጥፋት ነበረበት። ድፍን ወለል ከሥሩ ማዕበል ሲመታው እንደ ከበሮ ይደልቃል፤ ምቱም በቀጥታ ወደ ብሎኖቹ ይሄዳል። መድረክ ርብራብ ወይም ቀዳዳ ያለው የሚሆነው ውኃው ከታች ወደ ላይ እንዲያልፍ ነው። በውድ ጀልባዎች ላይ ርብራቡ ከቲክ እንጨት ይሠራል፤ እርጥብ እግር አያንሸራትትምና።

ደሴ ብርዷ የታወቀ ነው። በዝግ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ሲቀር የሰማ ሁሉ የሚከተለውን ለመረዳት አይቸገርም። የከሰሉ ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጀልባ ሞተርና ከጄኔሬተር ጭስም ይወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በብዙ ጀልባዎች የጭስ ማውጫው ያለው ልክ መድረኩ በሚቀጠልበት በኋላ ግድግዳ ላይ ነው። መድረኩ ሲሰፋ ከሥሩ እንደ ዋሻ ያለ ክፍተት ይፈጠርና ጭሱን ይይዛል። ጀልባው ሲሄድ ደግሞ ከጀርባው አየሩ ስለሚሳሳ ጭሱ ወደ ሰዎቹ ተስቦ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ፓዌል ሐይቅ ላይ ሁለት ወንድማማች ሕፃናት ከአንድ ቤት መሰል ጀልባ ኋላ፣ ከመድረኩ ሥር በተጠራቀመ ጭስ ሞቱ። ሰፊ ሰማይ ሥር፣ ውኃ ላይ። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ በሰፊው ተመረመረ፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሕግ በሚሄድ ጀልባ መድረክ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተትን ከለከለ። መድረክ የሚያስፋፋ ሰው የጭስ ማውጫውን ከአዲሱ ጫፍ ውጪ ማድረስ ወይም ወደ ጎን ማዞር አለበት። ሰው በመድረኩ ላይ ሳለ ሞተሩ ይጥፋ የሚባለው ለማሽከርከሪያው ስለት ብቻ አይደለም።

በሐይቅ ላይ ያሉት አነስተኛ ጀልባዎች ሞተራቸው ከውጭ፣ ግድግዳው ላይ የሚታሰር በመሆኑ አንድ ወጥ መድረክ አይመቻቸውም። ሞተሩ ወደ ላይ ሲታጠፍ ቦታ ይፈልጋል። ለእነርሱ የሚስማማው በሞተሩ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ ወለሎች ናቸው፤ አንዱ መሰላሉን ይይዛል።

መድረኩ ከጀልባው ርዝመት ጋር ይቆጠራል ወይ የሚለው ጥያቄ አጭር መልስ አለው። በዓለም አቀፉ የመለኪያ ደረጃ አይኤስኦ 8666 መሠረት፣ ምንም ሳይሰበር ሊፈታ የሚችል መድረክ በጀልባው አካል ርዝመት ውስጥ አይቆጠርም። ወደብ ግን የሚያስከፍለው በሚይዘው ቦታ ነውና ብዙ ጊዜ ጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል። በሞተር ወደ ውኃው የሚወርድና የሚነሣ የሃይድሮሊክ መድረክም አለ፤ ራሱ ብቻ ብዙ መቶ ኪሎ ስለሚመዝን ከላይ የተባለው የአህያ ጭነት ሒሳብ በእርሱ ላይ በእጥፍ ይሠራል።

የአውሮፓ ኅብረት የመዝናኛ ጀልባ መመሪያ ቁጥር 2013/53 ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ማንም ሳይረዳው ተመልሶ የሚወጣበት ነገር በጀልባው ላይ እንዲኖር ያዛል። ይህ በመሰላሉ ይፈጸማል። መድረኩ ወደ ኋላ ሲረዝም አሮጌው መሰላል ከሥሩ ይቀርና ከውኃ የማይደረስበት ይሆናል፤ ስለዚህ አብሮ ወደ ጫፉ መዛወር አለበት። የመጨረሻው መርገጫ ከውኃው ወለል ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ካላለ ዋናተኛ ጉልበቱን እስከ ደረቱ አጥፎ መርገጥ ይኖርበታል፣ አይችልምም። አዲስ መድረክ ሲያልቅ ጀልባው ከዳር ሳይርቅ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከባለቤቱ ጓደኞች ከባዱን ከነልብሱ ውኃ ውስጥ አስገብቶ መሰላሉን ራሱ እንዲያወርድና እንዲወጣ ማድረግ ነው። እጅ የሚዘረጋለት ሰው ቢኖር ሙከራው እንደገና ከመጀመሪያው ይደገማል።