ከቤተ ሙከራ ወደ ቋሚ መጠለያ፦ ስለ ጦጣዎች ጡረታ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ምርምር ላይ የቆየ ጦጣ ጥናቱ ሲያበቃ ቀሪ ዕድሜውን የሚጨርስበት ቋሚ መጠለያ ማግኘቱ «ጡረታ» ይባላል። ሐሳቡ ሲነሳ የብዙ ሰው ዓይነ ሕሊና የሚያየው የሚከፈት በር ነው። ትልቁ ሥራ ግን ከበሩ በፊት ባሉት ወራትና ከበሩ በኋላ ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። እዚህ በብዛት የምንናገረው በቤተ ሙከራዎች ስለሚበዙት፣ ማካክ ስለሚባሉት የእስያ ጦጣዎች፣ ማለትም ስለ ሪሰስና ስለ ባለ ረጅም ጭራው ማካክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቺምፓንዚዎቹ ስለወጡ ጉዳዩ ተዘግቷል»

በአሜሪካ በታኅሣሥ 2000 የወጣው ሕግ ከምርምር ለሚገለሉ ቺምፓንዚዎች በመንግሥት የሚደገፍ መጠለያ እንዲኖር አድርጓል። በሉዊዚያና የሚገኘው ቺምፕ ሄቨን የተባለ መጠለያ ይህን ሥራ እንዲያካሂድ የተመረጠው በዚህ መሠረት ነው። በ2015 ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም በቺምፓንዚዎች ላይ ለሚደረግ ምርምር የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚናገረው ስለ ቺምፓንዚ ብቻ ነው። በ2017 በዚያችው አገር ከ75,000 በላይ ጦጣዎችና መሰሎቻቸው ለምርምር ውለዋል፤ ለእነሱ ተመሳሳይ ሕግ የለም። በአውሮፓ ኅብረት የ2010ው መመሪያ አንቀጽ 19 የእንስሳው ጤና ከፈቀደና ለሕዝብ አደጋ ከሌለው ወደ መጠለያ እንዲዛወር አባል አገሮች መፍቀድ እንደሚችሉ ይገልጻል። ይህ ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ማካክ ጡረታ የሚወጣው አንድ የእንስሳት ሐኪም ወይም ተመራማሪ ጉዳዩን ይዞ ሲከራከርለት ነው።

«ለምን ወደ ጫካቸው አይመለሱም?»

አብዛኞቹ ጫካ አይተው አያውቁም፤ የተወለዱት በማራቢያ ጣቢያ ነው። የሚበላውን ቅጠል ከመርዛማው መለየት፣ ንስርና ነብር ሲመጣ መሸሽ፣ ለነባሩ መንጋ ተገዝቶ መኖር ከእናትና ከመንጋ የሚወረስ ትምህርት ነው። በዚያ ላይ በቤተ ሙከራ የያዙትን በሽታ ወደ ዱር ይዘው ሊገቡ ይችላሉ።

ደሴት ላይ ማስቀመጥም ከኃላፊነት አያድንም። በላይቤሪያ ለጉበት በሽታ ምርምር የዋሉ ከ60 በላይ ቺምፓንዚዎች በወንዝ ደሴቶች ላይ ተቀምጠው ነበር። ደሴቶቹ በቂ ምግብም የሚጠጣ ውኃም ስለሌላቸው ሁለቱም በጀልባ ይቀርቡላቸው ነበር። ምርምሩን ያካሄደው የኒውዮርክ የደም ማዕከል በ2015 ገንዘቡን ሲያቆም እንስሳቱን ከረሃብና ከጥም ያዳኗቸው ነባር ተንከባካቢዎቻቸውና በጎ አድራጊዎች ናቸው። በ2017 ማዕከሉ ለቀሪ ዘመናቸው 6 ሚሊዮን ዶላር ለማዋጣት ተስማማ።

«አደንዝዞ መጫን ይቀላል»

ለጫኙ ይቀል ይሆናል። የደነዘዘ ጦጣ የሰውነቱን ሙቀት መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ተሽከርካሪው ውስጥ ደግሞ ትንፋሹን የሚከታተልለት የለም። የተሻለው መንገድ የማጓጓዣ ሣጥኑን ከጉዞው ሳምንታት ቀድሞ ከኬጁ በር ጋር ማያያዝ ነው። ምግቡ መጀመሪያ ሣጥኑ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቀን በቀን ወደ ውስጥ ይገፋል። ወደኋላ ሳያይ ገብቶ መብላት ሲጀምር በሩ ለአንድ ሰከንድ ይዘጋና ይከፈታል፤ ቀጥሎ ለግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ለአምስት ደቂቃ። የሚበላሸው ሰው ሲቸኩል ነው። በሦስተኛው ቀን በሩ ጓ ተደርጎ ከተዘጋበት ጦጣው ሣጥኑን እንደ ወጥመድ ይቆጥረዋል፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል።

«ሣር ሲያይ ይቦርቃል»

በአሜሪካ ደንብ እስከ 10 ኪሎ ለሚመዝን ጦጣ የተፈቀደው ዝቅተኛ የኬጅ ወለል 0.4 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱም 76 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ አሥር ዓመት የኖረ እንስሳ ሩቅ ዘልሎ አያውቅም፤ ርቀት የመገመት ልምድ የለውም፤ የእጁና የእግሩ ጡንቻ ሳስቷል። መጀመሪያ ቀን ከፍ ያለ እንጨት ካገኘ ይወጣና ይወድቃል። ስለዚህ መቀመጫዎቹ ከመሬት ብዙም ሳይርቁና ሳይራራቁ ይጀምራሉ፤ ገመድና ዥዋዥዌ የሚጨመረው እንስሳው ሲጠነክር ነው።

ወደ ውጭ የሚያወጣው በር ተከፍቶ ይተዋል እንጂ ማንም አይገፋውም። አንዳንዱ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ አንዳንዱ ሳምንታት ሙሉ ደፍ ላይ ተቀምጦ ነፋሱን ብቻ ያሸታል። ሣሩን በጣቱ ጫፍ ነክቶ እጁን የሚሰበስብም አለ። ይህ እምቢታ ስላልሆነ ምግብን መያዣ አድርጎ ማስገደድ ስህተት ነው። ወደ ሞቀው የውስጥ ክፍል መመለሻው ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ በብርድ የጆሮና የጭራ ጫፍ ይሞታል።

የቆየ ጉዳትም አብሮ ይመጣል። በ2003 የታተመ ጥናት ለየብቻቸው የተቀመጡ 362 ሪሰስ ማካኮችን ተመልክቶ 321ዱ ቢያንስ አንድ ያልተለመደ ባህርይ እንደሚያሳዩ አግኝቷል፦ መሽከርከር፣ ፀጉር መንጨት፣ ከፋ ሲልም ራስን መንከስ። መጠለያ ይህን ይቀንሳል፤ በሁሉም ላይ ግን አያጠፋም። ከዓመታት በኋላ ጎብኚ አንድ ጦጣ በአንድ ቦታ ሲሽከረከር ቢያይ መጠለያው በድሎታል ብሎ መደምደም አይገባውም።

«ጦጣ ከጦጣ ይግባባል፣ አንድ ላይ ይግቡ»

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሕይወት ያጠፋል። የማካክ ማኅበር በማዕረግ የተደራጀ ነው። ጎልማሳ ወንድ ክራንቻው ረጅምና ስለታም ስለሆነ አንድ ጠብ ጅማት ሊበጥስ ይችላል። ማስተዋወቅ በደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ ሁለቱ በርቀት ይተያያሉ። ቀጥሎ ጣት በሚያሳልፍ ሽቦ ተለያይተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በመጨረሻ በጠዋት፣ ሰው ባለበት፣ ለአጭር ጊዜ ይገናኛሉ። መገናኛው ክፍል ሁለት መውጫ፣ ዓይን የሚጋርድ ግድግዳ፣ በየማዕዘኑ የተበተነ ምግብ ያስፈልገዋል፤ አንድ መውጫ ብቻ ካለው ደካማው ጥግ ይያዛል።

ምልክቶቹን ማንበብ ግድ ነው። ከንፈርን ቶሎ ቶሎ ማንቀሳቀስ፣ ጀርባ ማዞር፣ በሽቦው በኩል ፀጉር መፈተሽ ጥሩ ነው። አፍ ከፍቶ ማፍጠጥ ዛቻ ነው። ጥርሱን ገልጦ ዝም ያለው ጦጣ ደግሞ ለብዙ ሰው ፈገግ ያለ ይመስላል፤ እሱ የሚያሳየው ፍርሃትና መገዛት ነው። አንዱ ለሌላው እንዲህ ካሳየና ሌላው ካላጠቃው ማዕረጉ ያለ ደም ተወሰነ ማለት ነው፤ ይህ ለአስተዋዋቂው እፎይታ ነው። ምንም ሳይታይ በዝምታ መተያየት ብቻ ከሆነ መጠበቅ ይሻላል።

መጠለያ አያራባም፤ የሚወለደው ግልገል ጡረታ የሚጠብቀውን የሌላ ጦጣ ቦታ ይይዛልና። ለወንዶች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የዘር ቱቦን መቁረጥ ነው፤ ሆርሞኑ ስለማይነካ ወንዱ በመንጋው ውስጥ ያለው ሚና ይቀጥላል።

«ጤነኛ ስለሚመስል አያሰጋም»፣ ወይም «ቫይረስ ስላለበት አይወጣም»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከጎልማሳ ማካኮች ብዙዎቹ ሄርፒስ ቢ የሚባል ቫይረስ ይይዛሉ። እነሱን እምብዛም አያሳምማቸውም፤ ወደ ሰው ከተሻገረና ካልታከመ ግን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ደርሶ ከአሥር ሰዎች ሰባቱን ወይም ከዚያ በላይ ይገድላል። ቫይረሱ በምራቅ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ሌላ ጊዜ ይደበቃል፤ በመሆኑም የደም ምርመራው ነጻ ነው ቢልም እያንዳንዱ ማካክ እንደ ተሸካሚ ይታያል። ተንከባካቢው ጓንት፣ ጭንብልና የዓይን መከላከያ ያደርጋል። እንስሳው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ መሸጋገሪያው ሳይቆለፍ ጽዳት አይጀመርም። ንክሻ ወይም ጭረት ቢያጋጥም ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ዓይን ከሆነ በውኃ ብቻ ለዚያው ያህል። ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል፤ የፀረ ቫይረስ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነውና። ጭረቱ ትንሽ ነው ብሎ መተው የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ነው።

ቫይረሱ በራሱ ጡረታ አይከለክልም። የሳንባ ነቀርሳ ግን ሌላ ነገር ነው። መመርመሪያው ፈሳሽ በዓይን ሽፋን ቆዳ ውስጥ ይወጋና ከ24፣ ከ48 እና ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይታያል። አንድ የተበከለ እንስሳ መንጋውን ሁሉ ሊጨርስ ስለሚችል ምርመራው በሳምንታት ልዩነት ይደጋገማል፤ አዲስ ገቢም በለይቶ ማቆያ ሳይከርም ከማንም ጋር አይቀላቀልም።

«ሙዝ ነው ምግቡ»

ሙዝ ለማባበያ ይሆናል። ዕለታዊ ምግቡ ለጦጣ ተብሎ የሚመረት ደረቅ ብስኩት፣ ቅጠላ ቅጠልና አትክልት ነው። ጦጣ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ አይሠራም፤ በብስኩቱ ውስጥ ያለው ደግሞ ከተመረተ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ ያለውን ቀን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ጣፋጭ ፍሬ ማካክን ያወፍራል፣ ስኳር በሽታም ያመጣል።

«ሽማግሌዎች ናቸው፣ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው»

ሪሰስ በእንክብካቤ ከ25 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። በስምንት ዓመቱ ጥናቱን የጨረሰ እንስሳ ምግቡ፣ ሐኪሙ፣ ማሞቂያው፣ የተንከባካቢው ደመወዝ ለሚቀጥሉት 15 ወይም 20 ዓመታት ይታሰብለታል። የመጓጓዣውን ወጪ ብቻ ከፍሎ የሚሰናበት ተቋም ሸክሙን ለመጠለያው አሳልፎ ሰጠ እንጂ ጡረታ አላወጣም። ገንዘቡ ጥናቱ ሲነደፍ ከበጀቱ ጋር ቢያዝ ሁሉም ይቀላል፤ ማን እንደሚወጣ፣ ከማን ጋር እንደሚወጣም ቀድሞ ይታወቃል። ጥንድ ሆነው የኖሩ ጦጣዎች አብረው መሄድ አለባቸው። ከእንስሳው ጋር ሙሉ የሕክምና መዝገቡ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ የተደረገለት ቀዶ ሕክምና፣ በራስ ቅሉ ላይ የተተከለ ነገር ካለም መቼና እንዴት እንደወጣ የሚገልጽ ጽሑፍ ይላካል። የሚወደው ምግብ፣ የሚፈራው ድምፅና የሚያምነው ሰው የጓንት ቀለም እንኳ ተጽፎ ቢመጣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያቀልለታል።