የዲሲ የውሃ ቢል ላይ ያለው የዝናብ ክፍያ ምንድን ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ ቤት ካላችሁ፣ የውሃ ቢላችሁ ላይ "ክሊን ሪቨርስ" (ንጹህ ወንዞች) የሚል ክፍያ አለ። ቧንቧ እየፈሰሰባችሁ አይደለም። ክፍያው ከተጠቀማችሁት ውሃ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ የሚሰላው ውሃ በማያሰርገው መሬታችሁ ነው፣ ማለትም በጣሪያው፣ በኮንክሪቱ፣ በመኪና ማቆሚያው። መለኪያው ኢአርዩ ይባላል፣ 1 ኢአርዩ 1,000 ስኩዌር ፊት ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ የሚውል ሰፊ ፓርኪንግ አንዲት ጠብታ ባይጠቀምም ዳጎስ ያለ ሂሳብ ይመጣበታል።

ለምን? በከተማዋ አንድ ሦስተኛ ገደማ ክፍል የዝናብና የሽንት ቤት ውሃ የሚሄደው በአንድ ቱቦ ነው። ዶፍ ሲወርድ ቱቦው ይሞላና ትርፉ ሳይጣራ ወደ አናኮስቲያ፣ ፖቶማክና ሮክ ክሪክ ወንዞች ይለቀቃል። ብሩ በዋናነት የሚሄደው ይህን ጎርፍ ለሚይዙ ግዙፍ ዋሻዎች ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ግን ይህን ፍሳሽ ለመቀነስ ከፌዴራል መንግሥት ጋር የነበረው ስምምነት ተሻሽሎ አረንጓዴ ሥራም፣ ማለትም ዝናቡን በተክልና በአፈር ማስረግ፣ ገባበት። መንገድ ዳር ዝቅ ብሎ ተክል የሞላው፣ ጠርዙ ውሃ እንዲገባበት የተቆረጠ ቦታ አይታችሁ ይሆናል፤ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። ከሥር አሸዋ የበዛበት አፈርና ጠጠር አለ፣ ውሃውን ይዞ ቀስ እያለ ያሰርገዋል። ትንኝ ይፈላበታል የሚሉ አሉ፣ ግን በደንብ ከተሠራ ውሃው ትንኝ ሳይፈለፈል ሰርጎ ያልቃል።

ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከሠራችሁ ቅናሽ አለ። በራሱ ግን አይመጣም፣ ማመልከት አለባችሁ።