ጆን ጆንዝ፦ ከማርስ የመጣው ልዕለ ጀግና

ከሌላ ዓለም የመጣ ልዕለ ጀግና ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚጠራው ሱፐርማንን ነው። ሱፐርማን ግን ምድር የደረሰው ገና ጨቅላ ሳለ ነው። ያደገው ካንሳስ ውስጥ በገበሬ ቤት ነው። ስለ ትውልድ ዓለሙ ስለ ክሪፕተን የሚያውቀውም ኋላ የተነገረውን ነው። ጆን ጆንዝ ግን የመጣው ትልቅ ሰው ሆኖ ነው። ማርስ ላይ ሥራ ነበረው። ሚስት ነበረችው፣ ልጅ ነበረችው። ያንን ሁሉ ይዞ ነው በሰው አገር የሚኖረው። ባዕድ መሆን ምን እንደሚመስል ከኮሚክስ ጀግኖች መካከል እንደሱ አድርጎ የሚያሳየኝ የለም። ደራሲዎቹ ይህን ሀብት እስኪያዩት ድረስ ግን ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

አንባቢዎች ይበልጥ የሚያውቁት «ማርሽያን ማንሃንተር» በሚለው ስም ነው። አሳታሚው ዲሲ ኮሚክስ ነው። መጀመሪያ የታየው በኖቬምበር 1955 በወጣው «ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» ቁጥር 225 ላይ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መጽሔቱ የባትማን ቤት ነው። ሽፋኑም ዋናው ታሪክም የባትማን ነበር። ለጆን የተሰጡት ከኋላ ያሉ ጥቂት ገጾች ናቸው። የጻፈው ጆሴፍ ሳማክሰን፣ የሣለው ጆ ሰርታ ነው። ሳማክሰን የኬሚስትሪ ባለሙያ ሲሆን ሳይንሳዊ ልብወለድም ይጽፍ ነበር። ሰርታ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ጆንን ሣለው።

ጊዜው ለልዕለ ጀግኖች ጥሩ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያቸው ቀዝቅዞ ነበር። እነ ሱፐርማን፣ ባትማንና ዎንደር ውማን ቢዘልቁም አብዛኞቹ ተቋርጠዋል። በ1954 ደግሞ አሳታሚዎቹ ራሳቸው «ኮሚክስ ኮድ» የሚባል የቁጥጥር ደንብ አወጡ። አስፈሪና ደም የበዛባቸው ታሪኮች ከገበያ ወጡ። የጠፈር ታሪክና የመርማሪ ፖሊስ ታሪክ ግን አንባቢ ነበራቸው፤ ጆን ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ አገናኘ። ሐሳቡ በዲሲ ቤት አዲስ አልነበረም። በ1953 «ባትማን» ቁጥር 78 ላይ ሮ ካር የሚባል ከማርስ የመጣ ሕግ አስከባሪ ብቅ ብሎ ነበር።

የኮሚክስ «የብር ዘመን» የሚባለው፣ ልዕለ ጀግኖች እንደገና የተነሱበት ጊዜ፣ የተጀመረው በ1956 በወጣው አዲሱ ፍላሽ በሚባለው ፈጣን ጀግና ነው ይባላል። ጆን ከእሱ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ታይቷል። በዚህ የተነሳ መነሻው ጆን ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኔም ወደነሱ አደላለሁ።

የ1955ቱ ታሪክ አጭር ነው። ዶክተር ኤርዴል የሚባል ሳይንቲስት ወደ ጠፈር ጨረር የሚልክ ማሽን ይሠራል። ጨረሩ ማርስ ይደርስና ጆንን ይዞት ይመጣል። ሽማግሌው ሳይንቲስት አረንጓዴ ፍጡር ላቦራቶሪው ውስጥ ቆሞ ሲያይ ይደነግጣል። ልቡ አልቻለም፤ እዚያው ሞተ። ማሽኑን አስተካክሎ የሚመልሰው ሌላ ሰው የለም። ጆን መልኩን መለወጥ ስለሚችል ሰው መሰለ። ጆን ጆንስ የሚል የአሜሪካዊ ስም ያዘና መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረ። ለጥቂት ዓመታት ችሎታውን የሚጠቀመው ተደብቆ ነበር። ከማርስ የመጣ ጀግና መኖሩን ሕዝቡ ያወቀው በ1959፣ በቁጥር 273 ላይ ነው።

በእነዚያ ገጾች ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሰውየው አገሩ መመለሻ አጥቷል፤ ዐይኑ እያየ ሰው ሞቶበታል። ታሪኩ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አያዝንለትም። ወዲያው ሌባ ማባረር ይጀምራል። የዚያን ጊዜ ኮሚክስ አጻጻፍ እንዲህ ነበር። ሐዘኑ ግን ታሪኩ ውስጥ አለ፤ የሚያነሳው ጸሐፊ ብቻ ነው የጠፋው።

መልኩ የታወቀ ነው። ቆዳው አረንጓዴ፣ ዐይኑ ቀይ፣ ቅንድቡ ወጣ ያለ ነው። ሰማያዊ ካባ ይደርባል፤ ደረቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ ተጠላልፎ ይታያል። ችሎታው ደግሞ ብዙ ነው። ይበራል። ጉልበቱ ከሱፐርማን ጋር ይወዳደራል። ከዐይኑ ጨረር ያወጣል፣ ከእይታ ይሰወራል፣ በግድግዳ ውስጥ ያልፋል። የሰው ሐሳብ ያነባል፣ በሐሳብም ያናግራል። ይህን ሁሉ የሚችል ሰው በምን ይቸገራል? የደራሲዎቹ መልስ እሳት ሆነ። እሳት አጠገቡ ሲነድ ኃይሉ ይከዳዋል። በድሮዎቹ ታሪኮች ምክንያቱ ብዙም አይብራራም፤ እንዲያው ድክመት ስለሚያስፈልገው የተሰጠው ይመስላል።

በ1960 «ዘ ብሬቭ ኤንድ ዘ ቦልድ» ቁጥር 28 ላይ ጀስቲስ ሊግ የሚባለው የዲሲ ጀግኖች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ጸሐፊው ጋርድነር ፎክስ፣ ሠዓሊው ማይክ ሴኮውስኪ ነው። ከሰባቱ ጀግኖች አንዱ ጆን ነበር። ሽፋኑ ላይ ስታሮ ከሚባለው ግዙፍ የባሕር ኮከብ መሰል ፍጡር ጋር ሲታገሉ የሚታዩት አምስቱ ናቸው፤ ሱፐርማንና ባትማን የሉም። ሁለቱ የየራሳቸው መጽሔት ስለነበራቸው አዘጋጆቹ መጀመሪያ ላይ በቁጠባ ነበር የሚያወጧቸው። ስለዚህ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ጆን ላይ ነበር። ቡድኑን ተሸክሞ የሚያቆመው ሰው የሚል ስሙ ከዚያ ይጀምራል።

የራሱ መጽሔት ግን አልነበረውም። በ1964 «ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» አዲስ መልክ ሲይዝ ጆን ወደ «ሃውስ ኦፍ ሚስትሪ» ተዛወረ። እዚያም በ1968 አበቃ። በ1969 በወጣ ታሪክ ማርስ በጦርነት ጠፋችና ከተረፉ ወገኖቹ ጋር ምድርን ለቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለ15 ዓመት ያህል አልፎ አልፎ ካልሆነ አልታየም። ወደ ጀስቲስ ሊግ የተመለሰው በ1984 ነው።

በ1987 ኪት ጊፈን፣ ጄ. ኤም. ዴማቲስና ሠዓሊው ኬቨን ማግዋየር ጀስቲስ ሊግን ቀልደኛ አደረጉት። በዚያ ሁሉ ተረብ መሃል ኮስታራው ጆን ነበር። አባላቱ እንደ ልጆች ይረብሻሉ፤ እሱ ይቆጣል፣ ይገስጻል፣ በመጨረሻ ግን ይጠብቃቸዋል። ለኦሪዮ ብስኩት ያለው ፍቅርም የመጣው ያኔ ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በ1988 ነው። ዴማቲስ ከሠዓሊው ማርክ ባጀር ጋር አራት ቁጥር ያለው አጭር ተከታታይ አወጣ። እዚያ ላይ ድሮ የምናውቀው ታሪክ ግማሹ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ኤርዴል ጆንን ያመጣው ከሩቅ ዘመን፣ ሕዝቧ ካለቀባት ማርስ ነው። ጆን ሲመጣ በሐዘን አእምሮው ተነክቶ ነበር። እንዲረጋጋ ተብሎ ሌላ ትዝታ ተሰጠው። አረንጓዴው ሰው መሰል መልኩም የራሱ አይደለም። እውነተኛው የማርስ ሰው መልክ ቀጭን፣ ረጅምና እንግዳ ነው። የለመድነው መልክ በማርስ ሰውና በምድር ሰው መካከል ያለ፣ ሰዎች እንዳይደነግጡ የተበጀ ነው።

እሳቱም ትርጉም ያገኘው እዚህ ነው። የማርስን ሕዝብ የጨረሰው የህሮንሚር እርግማን የሚባል ወረርሽኝ ነው። ህሮንሚር የማርስ የሞት አምላክ ነው። በሽታው የያዘው ሰው ከውስጡ ይነዳል። የጆን ሚስት ማይሪያና ትንሿ ልጁ ኪሂም የሞቱት በዚህ ነው። ስለዚህ እሳት ሲያይ የሚከዳው ጉልበቱ ያየውን ማስታወሱ ነው። አንድ ደካማ የታሪክ ዘዴ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ቁስል ሆነ። በኮሚክስ ውስጥ ከዚህ የተሻለ እርማት አላውቅም።

በ1998 ዲሲ በመጨረሻ በስሙ ወርኃዊ መጽሔት ከፈተለት። ጆን ኦስትራንደር ጻፈው፣ ቶም ማንድሬክ ሣለው፤ እስከ 2001 ዘለቀ። ኦስትራንደር የማርስን ኑሮ ዘርግቶ አሳየ። የማርስ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በሐሳብ የተሳሰሩ ናቸው። ቤተሰብም፣ ፍቅርም፣ ጸሎትም የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ማለፋአክ የሚባለው መንትያ ወንድሙ ግን ይህ ስጦታ የለውም፤ በዚህም ሕዝቡን ጠላ። እርግማኑን ያሰራጨው በዚሁ በሐሳብ ግንኙነት በኩል ነው። እናት ልጇን በሐሳብ ስትጠራት በሽታው ይተላለፋል። ለመትረፍ መለያየት ነበረባቸው፤ እነሱ ደግሞ ተለያይተው መኖር አያውቁም። ይህን ካነበብኩ በኋላ የጆን ዝምታ ለኔ ሌላ ነገር ሆነ። ምድር ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው መሃል እየኖረ፣ እንደ አገሩ ሰው ሐሳቡን ከፍቶ የሚቀበለው የለም።

በዚሁ ተከታታይ ጆን በተለያዩ አገሮች የተለያየ ስምና መልክ ይዞ እንደሚኖር እናያለን። በደቡባዊው የምድር ክፍል ከሱፐርማን ይልቅ የሚታወቀው እሱ ነው። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የሚቆመው ጀግና ሌላ ቦታ ዋናው ነው።

ታዲያ ለምን እንደ ባትማን አልገነነም? የራሱ የሚባል ከተማ የለውም። ሁሉም የሚያውቀው ጠላት የለውም። ማንነቱ በየጸሐፊው ይለዋወጣል። በቡድን ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሌሎቹን የሚያስተሳስር እንጂ ራሱ ፊት የሚወጣ አይደለም። እነዚህ ለሽያጭ መጥፎ ናቸው። ለገጸ ባሕርዩ ግን የሚስማሙ ይመስለኛል።

በ2008 «ፋይናል ክራይሲስ» መጀመሪያ ላይ ሊብራ የሚባለው ጠላት ገደለው። ሞቱ በጥቂት ገጾች ያለፈ ስለነበር ብዙ አንባቢ ቅር ብሎታል፤ እኔም አንዱ ነኝ። በ2010 ወደ ሕይወት ተመለሰ። በ2011 ዲሲ ታሪኮቹን ሁሉ እንደ አዲስ ሲጀምር ከጀስቲስ ሊግ መሥራቾች ዝርዝር ወጣ። ቦታውን ሳይቦርግ ወሰደው፤ ጆን «ስቶርምዎች» ወደሚባለው ቡድን ሄደ። በ2018 ግን እንደገና የጀስቲስ ሊግ መሪ ሆነ።

ኮሚክስ የማያነብ ሰው ጆንን የሚያውቀው ከስክሪን ነው። በ2001 በጀመረው የ«ጀስቲስ ሊግ» አኒሜሽን ድምፁን የሰጠው ካርል ላምብሊ ነው። ዝግ ያለ፣ ከባድ ድምፅ ነው፤ እስካሁን ኮሚኩን ሳነብ የሚሰማኝ እሱ ነው። በ2015 በጀመረው «ሱፐርገርል» ድራማ ዴቪድ ሄርዉድ ተጫወተው። ኋላ ላይ የጆን አባት ሆኖ የመጣው ራሱ ላምብሊ ነው። በ2021 በወጣው የዛክ ስናይደር ፊልም ደግሞ ሃሪ ሌኒክስ ሠራው። በስክሪን ላይ ከጎልማሳው ጆን በስተጀርባ ጥቁር ተዋንያን በተደጋጋሚ መኖራቸው፣ የስደተኛውን ታሪክ በእነሱ አንደበት ለሰማ ተመልካች ክብደት ጨምሮለታል።

በ2006 ከማርስ የመጣች ሁለተኛ ጀግና ተፈጠረች። ስሟ መጋን ሞርዝ ነው፤ «ሚስ ማርሽያን» ትባላለች። አረንጓዴ ትምሰል እንጂ በዘሯ የነጮቹ ማርሳውያን ወገን ናት። እነሱ ደግሞ የጆን ወገኖች የጥንት ጠላቶች ናቸው። እሷን መቀበሉ ስለ ጆን ብዙ ይናገራል።

አዲስ አንባቢ ከየት ይጀምር? እኔ የምመክረው ከስቲቭ ኦርላንዶና ከሠዓሊው ራይሊ ሮስሞ 12 ቁጥር ነው፤ ከ2018 መጨረሻ እስከ 2020 መጀመሪያ የወጣ ነው። እዚህ ጆን ማርስ ላይ ጉቦ የሚበላ ሕግ አስከባሪ ነበር። ቤተሰቡን አጥቶ ምድር ሲደርስ የሚሸሸው ሐዘኑን ብቻ ሳይሆን ጥፋቱንም ነው። ሮስሞ የሣላት ማርስም በመልክ የሚለዋወጡ ሰዎች አገር ትመስላለች፤ ቋሚ ቅርጽ ያለው ነገር የለም። ከዚያ የዳርዊን ኩክን «ዘ ኒው ፍሮንቲየር» ያንብብ። የ1950ዎቹን አሜሪካ የሚያሳይ ሥራ ነው። ጆን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያየ፣ የሚያየውን ሰው ሁሉ እየመሰለ፣ ሰው መሆንን ይማራል። ሦስተኛው የኦስትራንደር ይሁን፤ ረጅም ስለሆነ ሰውየውን ከወደዱት በኋላ ቢነበብ ይሻላል።