«ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» እና ሌሎች ከአልጀብራ ደብተር የማይጠፉ ስህተቶች

የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ደብተር ብትገልጡ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዙት ስህተቶች ከልጅ ልጅ ብዙም አይለያዩም። አብዛኞቹ የሚመጡት ምክንያቱ ሳይነገር ከተሸመደደ ሕግ ነው። ከዚህ በታች ያልታወቀውን ቁጥር «ሀ» እለዋለሁ።

«ቁጥር ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል»

ይህን ያልሰማ ተማሪ የለም። 3ሀ + 5 = 20 በሚለው ላይ መጀመሪያ ይሠራል፤ 5 ይሻገርና 3ሀ = 15 ይሆናል። ጉዱ ቀጥሎ ነው። አንዱ ልጅ 3ንም አሻግሮ ሀ = 15 − 3 = 12 ይላል። ሌላው «ምልክቱ ይቀየራል» ተብሏልና ለ−3 አካፍሎ ሀ = −5 ያገኛል። ሁለቱም የተነገራቸውን ሕግ አክብረዋል፤ በእነሱ መቆጣት አይገባም።

እውነታው፦ በእኩልታ ውስጥ የሚሻገር ነገር የለም። ግራና ቀኙ እኩል ናቸው፤ በአንዱ ወገን ላይ የሠራነውን በሌላውም ላይ ከሠራን እኩልነታቸው አይፈርስም። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን 5 እንቀንሳለን፦

3ሀ + 5 − 5 = 20 − 5
3ሀ = 15

3ሀ ማለት 3 × ሀ ነው። የማባዛት ተቃራኒ ማካፈል ስለሆነ ሁለቱንም ወገን ለ3 እናካፍላለን፤ ሀ = 5። አሁን መልሱን ወደ ጥያቄው መልሱት፦ 3 × 5 + 5 = 20። በ12 ብትሞክሩ 41፣ በ−5 ብትሞክሩ ደግሞ −10 ይመጣል። መምህራን «አሻግሩ» የሚለውን ቃል ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ።

«የእኩል ይሆናል ምልክት ማለት መልሱ ይኸውና ማለት ነው»

8 + 4 = ___ + 5 ብላችሁ ለልጅ ስጡ፤ ብዙዎቹ ባዶ ቦታው ላይ 12 ይሞላሉ። ትክክለኛው 7 ነው። ምልክቱን በ1557 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው የዌልሱ ሰው ሮበርት ሬኮርድ፣ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም ብሎ ነው። 5 + 3 = 8 × 2 = 16 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የመጨረሻው ቁጥር ትክክል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የጻፈው ግን 5 + 3 እና 16 እኩል ናቸው የሚል ነው። አልጀብራ ሲጀምር የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

«(ሀ + 3)² = ሀ² + 9»

በቁጥር ፈትኑት። ሀ = 2 ቢሆን ግራው 5² = 25፣ ቀኙ 4 + 9 = 13። በ12 ይጎድላል። ቅንፉን በራሱ አባዙት፦

(ሀ + 3)(ሀ + 3) = ሀ² + 3ሀ + 3ሀ + 9 = ሀ² + 6ሀ + 9

የተረሳው 6ሀ ነው፤ ሀ = 2 ሲሆን ደግሞ ልክ 12።

«ኔጌቲቭና ኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል»

ሲባዙና ሲካፈሉ ብቻ። (−3) × (−4) = 12 ነው፤ −3 − 4 ግን −7 ነው። የ3 ብር ዕዳ ያለበት ሰው የ4 ብር ዕዳ ቢጨምርበት 7 ብር ትርፍ አያገኝም።

«ምርጫ ፈተና ላይ እርምጃ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው»

ጥሩ ፈተና አውጪ የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚያዘጋጀው ተማሪዎች ከሚሳሳቱት ነው። ከላይ ያሉት 12 እና −5 ከምርጫዎቹ መካከል ቢገኙ አይግረማችሁ። መልሱን ምርጫው ውስጥ ማግኘት ልክ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ወደ ጥያቄው መልሶ መተካት ግን ያረጋግጣል።

«15 በመቶ የተጨመረበትን 15 በመቶ ብቀንስ ወደ ነበረበት ይመለሳል»

ይህኛው አዋቂውንም ያሳስታል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ተጨምሮበት 1,150 ብር የሆነ ዕቃ ከታክሱ በፊት ስንት ነበር? ብዙ ሰው የ1,150ን 15 በመቶ፣ ማለትም 172.50 ቀንሶ 977.50 ይላል። ግን ታክሱ የተሰላው በ1,150 ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው። ያንን ዋጋ ሀ እንበለው፦

ሀ + 0.15ሀ = 1,150
1.15ሀ = 1,150
ሀ = 1,150 ÷ 1.15 = 1,000

በ977.50 ላይ 15 በመቶ ብትጨምሩ 1,124 ብር ከጥቂት ሳንቲም ይመጣል፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ግን 1,150 ነው።