የሶላር የግቢ መብራት ምንድን ነው?

የሶላር የግቢ መብራት የሚባለው ቀን ከፀሐይ ያገኘውን ኃይል በባትሪው አጠራቅሞ ሲመሽ በራሱ የሚበራ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የማያስፈልገው ትንሽ መብራት ነው። በውስጡም ፓኔል፣ ባትሪ፣ መቆጣጠሪያ ሰርኪትና ኤልኢዲ አምፖል አሉ።

በርካሾቹ መብራቶች ዘንድ መምሸቱን የሚለየው ፓኔሉ ራሱ ነው፤ ከፓኔሉ የሚመጣው ቮልቴጅ ሲወርድ ሰርኪቱ አምፖሉን ያበራል። ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ከመንገድ መብራት ሥር፣ ወይም ከበረንዳ አምፖል አጠገብ የተተከለ መብራት ምንም ሳይጎድለው ሳይበራ ሊያድር ይችላል። ፓኔሉን በእጅ ሲሸፍኑት ከበራ ጉድለቱ የቦታው ነውና ማዛወር ይበቃል።

ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በመጠኑ የሪሞት ድንጋይ የሚያህል፣ 1.2 ቮልት የሆነ የኒኬል ባትሪ ሲሆን፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ኃይል መያዝ ያቅተዋል። በምትኩ ተራውን የ1.5 ቮልት ድንጋይ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው፤ ለጊዜው ቢያበራም ዳግም እንዲሞላ ስላልተሠራ ፈሳሹ አፈትልኮ መገናኛውን ይበላዋል። ቁመናው ተመሳሳይ የሆነ የ3.7 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከዚህ የከፋ አደጋ አለው፤ ስለዚህ በአሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አዲስ መግዛት አይገባም። ኃይል የመያዝ አቅሙ 600 ሚሊአምፔር ሰዓት የነበረውን ባትሪ በ2000 መተካትም ብዙ አይጠቅምም፤ ትንሿ ፓኔል በአንድ ቀን ልትሞላው አትችልምና።

በሐምሌና በነሐሴ የጎጃም ሰማይ በደመና ተሸፍኖ ስለሚውል፣ መብራቱ አምሽቶ ሳይሆን ገና በጊዜ ቢደበዝዝ እንደ ብልሽት ሊቆጠር አይገባም። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ግን ጥቂት ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ስለሆነም ፓኔሉን በመጠኑ ብቻ ወደ ደቡብ አጋድሎ፣ ከባሕር ዛፍ ጥላ አርቆ መትከል ይሻላል። የበጋውን አቧራ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ የፓኔሉ ሽፋን ራሱ ደብዝዞ ከሆነ ግን መጥረግ አይመልሰውም።

ከክረምት በኋላ የባትሪውን ክዳን ከፍቶ ማየት ተገቢ ነው። በሽቦው ጥቅልል ላይ አረንጓዴ ዝገት ከታየ ባትሪውን አውጥቶ፣ አቼቶ በነካ የጥርስ ብሩሽ ፈትጎ፣ በደንብ አድርቆ መመለስ ነው። የክዳኑ ጎሚኒ ከተሰነጠቀ ውኃው ተመልሶ ስለሚገባ አብሮ ይለወጣል። አንዳንዱ መብራት ማብሪያ ማጥፊያው ካልተከፈተ በፀሐይም ቢውል አይሞላም፤ አዲስ የተገዛውን «አይሠራም» ብሎ ከመመለስ በፊት ይህንኑ ማየት ይገባል።